ከግቢ እስከ አደባባይ፤ በግል ቤት የተመዘገበ የአየር ጠባይ መረጃ አጭር ታሪክ

ዝናብ ለሁሉ ይዘንባል፤ ለክቶ የሚጽፈው ግን ጥቂት ነው፤ ጽፎ ለሌላው የሚያሳየው ደግሞ ከጥቂቱም ጥቂት ነው። ዛሬ በብዙ አገሮች በጣራው ላይ ወይም በጓሮው የአየር ጠባይ መለኪያ የተከለ ሰው፣ መሣሪያው ያነበበውን የሙቀት፣ የርጥበት፣ የአየር ግፊት፣ የነፋስና የዝናብ መጠን በኮምፒዩተር አማካይነት በገዛ ድረ ገጹ ላይ ለማንም አንባቢ ክፍት አድርጎ ያወጣል። ቁጥሩ ከመሣሪያው ተነሥቶ በሌላ ክፍለ ዓለም ካለ ተመልካች ዘንድ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ከጥቂት ሴኮንዶች ወይም ደቂቃዎች አይበልጥም። ነገሩ በመሣሪያው በኩል ሲታይ አዲስ ይመስላል፤ በታሪክ በኩል ሲመረመር ግን ከሦስት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ልማድ የቅርብ ጊዜ መልክ ሆኖ ይገኛል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያን ልማድ ከምንጩ ተከትሎ ማሳየት ነው። ጉዳዩ የትርፍ ጊዜ መዝናኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ መጽሔት ስፍራ ባላስፈለገው ነበር። ነገር ግን የድልድይን ከፍታ፣ የጎርፍ መውረጃን ስፋት፣ የግድብን ማስተንፈሻ የሚወስን ባለሙያ ሁሉ የሚነሣው አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ በአንድ ቦታ ለክቶ ከጻፈው የዝናብ ቁጥር ነው። ያ ቁጥር በግል ቤት የተለካ ሲሆን እስከ ምን ድረስ ሊታመን ይችላል? የሚታመነውስ በምን ምክንያት ነው? ታሪኩ የሚሰጠው መልስ ግልጽ ነው። ለቁጥር ዋጋ የሚሰጠው ፈጥኖ መታየቱ ብቻ አይደለም፤ የት፣ መቼና በምን እንደ ተለካ አብሮት መጻፉ፣ መዝገቡም ከለኪው ዕድሜ አልፎ መቆየቱ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹ ግን በአገራችን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል ያስፈልጋል።

ከጣራ የወረደው ቧንቧ

የአየርን ጠባይ በየዕለቱ መጻፍ እጅግ የቆየ ልማድ ነው። በእንግሊዝ አገር ዊልያም መርል የተባለ ቄስ ከ1337 እስከ 1344 ድረስ ስለ አየሩ ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። መርል የጻፈው ግን በቃል ነው። ቃልን ከቃል ማወዳደር አይመችም፤ የአንዱ «ብርቱ ዝናብ» ለሌላው ካፊያ ሊሆን ይችላልና። በኮሪያ በንጉሥ ሴጆንግ ዘመን፣ በ1441 የተሠራው የዝናብ መለኪያ ወደ አውራጃዎች ተልኮ ልኬቱ ለመንግሥት እንዲቀርብ ተደርጓል። ይህም በቁጥር የመለካት ሥራ በሥርዓት የተደራጀበት የቆየ ምሳሌ ነው፤ ሆኖም የቤተ መንግሥት ሥራ እንጂ የግለሰብ ፈቃድ አልነበረም።

በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ፈቃዱ፣ ዝናብን በቁጥር ለክቶ ለሕዝብ በማሳተም ስሙ ቀድሞ የሚነሣው እንግሊዛዊው ሪቻርድ ታውንሊ ነው። ታውንሊ በላንካሻየር አውራጃ፣ በርንሊ ከተባለችው ከተማ አጠገብ ይኖር የነበረ ባለርስት ነው። በ1677 መጀመሪያ በቤቱ ጣራ ላይ አፉ 12 ኢንች ስፋት ያለው ክብ የዝናብ መቀበያ ተክሎ፣ ከሥሩ የእርሳስ ቧንቧ ቀጠለና ውሃው በቧንቧው እንዲወርድለት አደረገ። በዚህ ዘዴ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ጣራ ላይ መውጣት አላስፈለገውም። የብዙ ዓመቱን ልኬት በ1694 በለንደን የንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር መጽሔት ላይ አሳተመ፤ በእርሱ አገር የሚዘንበውም በፓሪስ ከሚዘንበው እጥፍ ሊሆን ጥቂት እንደሚቀረው አሳየ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት ይገባል። አንደኛው፣ ታውንሊ ቁጥሩን ብቻ አላቀረበም፤ መሣሪያው እንዴት እንደ ተሠራና የት እንደ ተተከለ ዘርዝሮ ጽፏል፤ ሌሎችም እንደ እርሱ ለክተው እንዲያወዳድሩ ይመኝ ነበርና። ሁለተኛው፣ ከመጀመሪያው ልኬት እስከ ኅትመቱ 17 ዓመት አልፏል። አንባቢው ያየው ዝናብ ወንዙን አልፎ፣ ባሕር ገብቶ፣ ተረስቶ የቆየ ዝናብ ነው።

የእኛም አገር ዝናብ በዚህ ታሪክ ውስጥ ቦታ አለው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 በጎንደር ከተማ፣ በ1771 ደግሞ በእቴጌ ምንትዋብ መኖሪያ በቁስቋም የዘነበውን እየለካ መዝግቧል። መዝገቡ በ1790 በታተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ የጎንደር ክረምት በቁጥር ተጽፎ ለአንባቢ የቀረበው ሃያ ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው፤ የቀረበውም በባዕድ አገር፣ በባዕድ ቋንቋ ነው። ለኪው ወደ አገሩ ሲመለስ ልኬቱም አብሮት ሄደ፤ የጎንደር ሰው ስለ ገዛ ሰማዩ የተጻፈውን ቁጥር የሚያይበት መንገድ አልነበረም። መለካትና ማሳየት አንድ እንዳልሆኑ፣ ማሳየትም «ለማን?» የሚል ጥያቄ እንዳለበት ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

መሣሪያው የቆመበት ቦታ

በ18ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በግል የሚለኩ ሰዎች እየበዙ ሲሄዱ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ታየ። ጎረቤታሞች የለኩት ዝናብ አልገጥም አለ። የለንደኑ ሐኪም ዊልያም ሄበርደን ምክንያቱን ለመመርመር ከ1766 ጀምሮ ለአንድ ዓመት ያህል ሦስት መለኪያዎችን በየቦታው አቆመ። አንዱን በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን አናት ላይ፣ ሁለተኛውን በአጠገቡ ባለ መኖሪያ ቤት ጣራ ላይ፣ ሦስተኛውን በዚያው ቤት የአትክልት ቦታ መሬት ላይ ነበር። በዓመቱ ውስጥ የላይኛው 12 ኢንች ገደማ፣ መካከለኛው ከ18 ኢንች ጥቂት የሚበልጥ፣ የመሬቱ ከ22 ኢንች በላይ ያዘ። ሰማዩ አንድ፣ ዝናቡ አንድ፣ ቁጥሩ ግን ሦስት ሆነ።

የዚህ እንቆቅልሽ ፍቺ ብዙ ቆይቶ ነው የተገኘው። በኢኮኖሚ ሊቅነቱ የሚታወቀው ዊልያም ስታንሊ ጄቮንስ በ1861 እንዳስረዳው፣ ጥፋቱ የነፋስ ነው። ነፋስ ከፍ ባለ ነገር ላይ ሲያርፍ ፍጥነቱ ይጨምራልና ጠብታውን ከመለኪያው አፍ እያሻገረ ይወስደዋል። እንግዲህ ከዚህ አንጻር የታውንሊ የጣራ ላይ ልኬት ራሱ ከመሬቱ ዝናብ ያነሰ ሳይሆን አይቀርም። ይሁንና ታውንሊ የመሣሪያውን ቦታ ጽፎ ባያልፍ ኖሮ ይህን እንኳ ለማለት ባልቻልን። ስሕተትን ከዘመናት በኋላ ለማረም የሚቻለው ለኪው ስለ ራሱ አሠራር በእውነት የጻፈ እንደ ሆነ ነው።

በሙቀትም በኩል ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ለደመናዎች ዛሬም የምንጠቀምባቸውን ስሞች ያወጣው መድኃኒት ቀማሚው ሉክ ሃዋርድ ከለንደን ከተማ ወጣ ባሉ መኖሪያዎቹ የአየሩን ጠባይ በየዕለቱ ይመዘግብ ነበር። መዝገቡንም በ1818 እና በ1820 ስለ ለንደን አየር ጠባይ በጻፈው ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ አወጣው። የእርሱን ቁጥር በከተማው መካከል ከተለካው ጋር ሲያስተያይ ሌሊት ሌሊት ከተማው ከገጠሩ በ3.7 ዲግሪ ፋረንሃይት፣ ማለት በ2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚሞቅ ሆኖ አገኘው። የከተማ ሙቀት ብለን ዛሬ የምንጠራው ጉዳይ የተገኘው እንዲህ በአንድ ግለሰብ የቤት መዝገብ ነው። የግኝቱ ምሥጢር ሁለቱ ቦታዎች ተለይተው መጻፋቸው ነበር።

የቴርሞሜትር ቦታ ሁሉን የሚያስማማ መልክ እንዲይዝ ከረዱት ሰዎች አንዱ የመብራት ቤቶች መሐንዲሱ ቶማስ ስቲቨንሰን ነው። በ1864 ያቀረበው ነጭ ቀለም የተቀባ ሳጥን፣ ግድግዳው በተደራረቡ አጋዳይ ጣውላዎች የተሠራ ሆኖ ነፋስን ያስገባል፣ ፀሐይንና ዝናብን ይከለክላል። ሐሳቡ በየአገሩ እየተሻሻለ ሠርቷል፤ ዛሬ በየጓሮው የሚተከለው መሣሪያ የሚለብሰው የነጭ ፕላስቲክ ሳህኖች ድርርብም የዚያ ሳጥን ልጅ ነው።

በአዳራሽ የተሰቀለው ካርታ

ልኬትን ከተለካበት ቀን ሳያድር ለሕዝብ የማሳየቱ ታሪክ የሚጀምረው በቴሌግራፍ ነው። በአሜሪካ የስሚዝሶንያን ተቋም ጸሐፊ የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ጆሴፍ ሄንሪ በ1847 ባወጣው ዕቅድ በአገሩ ሁሉ ከተበተኑ ፈቃደኛ ለኪዎች በየወሩ መዝገብ መሰብሰብ ጀመረ። ከዚህም ጎን ለጎን ከ1849 አንሥቶ ከቴሌግራፍ ኩባንያዎች ጋር ተስማማ። የየጣቢያው ቴሌግራፈኛ ጠዋት መሥመሩን ሲከፍት የተለመደውን የሰላምታ ምልክት ትቶ የአካባቢውን አየር በአንድ ቃል ያስተላልፍ ጀመር፤ «ብራ»፣ «ደመና»፣ «ዝናብ» በማለት።

በ1856 ሄንሪ ይህን ወሬ በዋሽንግተን በተቋሙ አዳራሽ በተሰቀለ ትልቅ ካርታ ላይ አሳየው። በየከተማው ስም ላይ ክብ ካርቶን ይንጠለጠላል፤ ነጩ ለብራ፣ ጥቁሩ ለዝናብ፣ ሰማያዊው ለበረዶ፣ ቡናማው ለደመና ሲሆን፣ የነፋሱ አቅጣጫም በቀስት ይታያል። ጎብኚዎች ካርታው ፊት ቆመው የዘመዶቻቸውን አገር አየር ይመለከቱ ነበር። ጠቀሜታው ግን በማየት ብቻ አልቀረም። አየር በዚያ አገር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚጓዝ፣ ጠዋት በሲንሲናቲ ላይ ጥቁር ካርቶን ከተሰቀለ ማታ በዋሽንግተን ዝናብ ይጠበቃል። በ1857 ደግሞ የዋሽንግተን የማታ ጋዜጣ ይህን ወሬ ያትም ጀመር። በመቶ ኪሎ ሜትሮች የሚራራቁ ሰዎች የላኩት ቃል በአንድ ግድግዳ ላይ ሲሰበሰብ አንዱም ብቻውን ሊያየው ያልቻለውን እንቅስቃሴ አሳየ።

የሄንሪ ካርታ የመጣው ከቴሌግራፈኞቹ ቢሆንም፣ የአገሩን አየር ጠባይ ለማጥናት መሠረት የሆነው የፈቃደኞቹ ወርኃዊ መዝገብ ነበር። ይህ ባህል ከ1890 ሕግ በኋላ በአሜሪካ መንግሥት የፈቃደኞች የትብብር ምዝገባ ሆኖ ቀጥሏል፤ ዛሬም ከ8,000 በላይ ሰዎች ይሠሩበታል።

የሲመንስ ሠራዊት

የግል ልኬትን ከፍተኛ ደረጃ ላይ ያደረሰው ግን የለንደኑ ጆርጅ ጄምስ ሲመንስ ነው። ለ1860 ዓመት ያወጣው የመጀመሪያ ሠንጠረዥ የ168 ጣቢያዎችን የዝናብ ቁጥር የያዘ ነበር። በ1900 ሲሞት ጣቢያዎቹ ከ3,000 በላይ ሆነው ነበር። ለኪዎቹ ቄሶች፣ ሐኪሞች፣ ባለርስቶች፣ አትክልተኞች፣ የቤት እመቤቶችና የውሃ መሐንዲሶች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ደመወዝ አይከፈላቸውም። ሲመንስ በጋዜጣ ደብዳቤ እየጻፈ አዲስ ለኪዎችን ይጠራል፤ መለኪያዎቹን በየቦታቸው እየሄደ ይመረምራል፤ በየወሩ መጽሔት፣ በየዓመቱ መጽሐፍ ያወጣል። የሥራው ማዕከል በለንደን ካምደን ስኩዌር የሚገኘው የገዛ መኖሪያ ቤቱ ነበር።

የሥራው ጥንካሬ ከብዛቱ ይልቅ ከሥርዓቱ የመጣ ነው። የእያንዳንዱ መለኪያ አፍ ስፋት፣ ከመሬት ያለው ርቀት፣ ከባሕር ጠለል ያለው ከፍታ ከዝናቡ ቁጥር ጎን ይታተማል። ንባቡ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እንዲሆን፣ በዚያ ሰዓት የተገኘውም ውሃ በባለፈው ቀን ስም እንዲጻፍ ተወሰነ። ይህ ደንብ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን አንዱ በንጋት፣ ሌላው በእኩለ ቀን የሚያነብ ቢሆን ኖሮ የአንድ ሌሊት ዶፍ በሁለት ቀን ተከፍሎ የጎርፉ መጠን ተሰውሮ በቀረ ነበር። እያደጉ ለነበሩት የእንግሊዝ ከተሞች የውሃ ማጠራቀሚያ የሚነድፉ መሐንዲሶች በሲመንስ መጻሕፍት የተመኩት በዚህ ምክንያት ነው። ድርጅቱ በ1919 ወደ መንግሥቱ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ተዛወረ።

ከመሣሪያው እስከ ድረ ገጹ

በ20ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ እየቀነሰ ሲመጣ በቤት የሚተከል መሣሪያ ማንበቡንም መጻፉንም ራሱ ያዘ። የዝናቡን ክፍል ብንመለከት፣ ከመቀበያው በታች ሁለት ትንንሽ ባልዲዎች እንደ ሚዛን ተያይዘው ይቀመጣሉ። አንዱ በተወሰነ የውሃ መጠን ሲሞላ ይገለበጣል፤ ሌላው ይተካል፤ በተገለበጠ ቁጥር አንድ ምት ይቆጠራል። የተገልባጩ ባልዲ ሐሳብ ራሱ በ17ኛው መቶ ዘመን ክሪስቶፈር ሬን ያሰበው ነው። አዲሱ ነገር ምቱ በሬዲዮ ወደ ቤት ውስጥ መቀበያ፣ ከዚያም ወደ ኮምፒዩተር መድረሱ ነው። ዊውኤክስና ኩሙለስን የመሳሰሉት ፕሮግራሞች ቁጥሩን ተቀብለው ሠንጠረዥና ሥዕል ይሠራሉ፤ በየጥቂት ደቂቃውም ወደ ድረ ገጹ ያሻግራሉ። የታውንሊ ቧንቧ ከጣራ እስከ ቤት ነበር የሚደርሰው፤ የዛሬው ቧንቧ ከጣራ እስከ ዓለም ዳርቻ ይደርሳል።

በየቤቱ የተበተነውን የሚሰበስቡ ተቋማትም ተነሡ። በ1991 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የአየር ጠባይ ወሬ በኮምፒዩተር መሥመር ለማከፋፈል የተጀመረው ሥራ በ1995 ዌዘር አንደርግራውንድ የሚባል ኩባንያ ሆኖ፣ ቆየት ብሎ የግል ጣቢያዎችን ቁጥር በካርታ ላይ ማሳየት ጀመረ። የአማተር ሬዲዮ ባለሙያዎች በበኩላቸው የጀመሩት የዜጎች የአየር ጠባይ ምዝገባ ፕሮግራም የቤት ጣቢያዎችን ቁጥር ለአሜሪካ መንግሥት ተመራማሪዎች ያደርሳል፤ ቁጥሩም ከጎረቤቶቹ ጋር እየተነጻጸረ ይመረመራል። የእንግሊዝ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት በ2011 ለፈቃደኛ ለኪዎች የራሱን ገጽ ከፈተ። የኖርዌይ ሚቲዎሮሎጂ ተቋም ደግሞ ከ2018 ጀምሮ ለሕዝብ የሚያወጣውን የሙቀት ትንበያ ለማረም የግል ጣቢያዎችን ቁጥር በሥራ ላይ አውሏል።

ይህ ሁሉ ስለምን አስፈለገ ለሚል፣ በኮሎራዶ ግዛት በፎርት ኮሊንስ ከተማ የደረሰው አደጋ መልስ ይሰጣል። በሐምሌ ወር 1997 በአንድ ማታ የወረደ ዶፍ አምስት ሰዎች ገደለ፤ የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መጻሕፍት አጥለቀለቀ። በከተማው ምዕራባዊ ዳርቻ ከ14 ኢንች በላይ ዝናብ በአንድ ቀን ከሩብ ያህል ጊዜ ውስጥ ሲወርድ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የዘነበው እጅግ ያነሰ ነበር። የዝናቡ እምብርት የት እንደ ነበረ የታወቀው ነዋሪዎች በየግቢያቸው የለኩትን ከአደጋው በኋላ በመሰብሰብ ነው። በሚቀጥለው ዓመት በኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው የፈቃደኞች መረብ ቀላል የፕላስቲክ መለኪያ ላለው ሰው ሁሉ በሩን ከፍቶ፣ የየዕለቱን ልኬት በኢንተርኔት እየተቀበለ በካርታ ያሳያል፤ ቆይቶም ወደ መላው አገር ተስፋፋ።

ሆኖም ፍጥነት የቆዩትን ችግሮች አላስወገደም፤ እንዲያውም አንዳንዶቹን ሸፈናቸው። በበርሊንና በአምስተርዳም በመሳሰሉት ከተሞች የግል ጣቢያዎችን የመረመሩ ተመራማሪዎች፣ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ወይም ከነጭራሹ በቤት ውስጥ የተቀመጠ ቴርሞሜትር በመረቡ ውስጥ እንደሚገኝ ተገንዝበው፣ እንዲህ ያለውን ቁጥር ለይቶ የሚያወጣ ዘዴ ማበጀት አስፈልጓቸዋል። የዝናብ መቀበያው በቅጠል ወይም በሸረሪት ድር ሲደፈን ገጹ በዶፍ መካከል «ዝናብ የለም» ይላል። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ቀኑን ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ስለሚቆጥሩም፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሚያነበው የመንግሥት ጣቢያ ጋር የዕለት ቁጥራቸው አይገጥምም። ያማረ ሥዕል የተሳሳተን ቁጥር እውነት አያደርገውም። ሄበርደን በሦስት መለኪያ ያገኘው ትምህርት ዛሬ በሺህ በሚቆጠሩ መለኪያዎች እንደገና የሚገኝ ሆኗል።

የጠፋውና የተረፈው

ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ ግን የመዝገቡ ዕድሜ ነው። በ1990ዎቹ ብዙ ሰዎች የግል ገጾቻቸውን የከፈቱት ጂኦሲቲስን በመሳሰሉ በነፃ ስፍራ በሚሰጡ ድርጅቶች ላይ ነበር። ጂኦሲቲስ በ2009 በአሜሪካ ሲዘጋ እጅግ ብዙ የግል ገጾች ከመረቡ ወጡ፤ በጎ ፈቃደኞች ተሯሩጠው ያተረፉት ከፊሉን ነው። ዌዘር አንደርግራውንድም በ2012 ለሌላ ድርጅት ተሸጦ፣ በ2016 ወደ ሦስተኛ እጅ አለፈ፤ ለፕሮግራም ጸሐፊዎች በነፃ ይሰጥ የነበረው የመረጃ መውሰጃም በ2018 መጨረሻ ተቋረጠ። የገዛ ገጽ ያለውም ሰው ቢሆን የዓመት ኪራዩን ሳይከፍል የቀረ ወይም የሞተ እንደ ሆነ ገጹ አብሮት ይጠፋል። በሴኮንድ የታየው ቁጥር በሴኮንድ ሊሰወር ይችላል።

በአንጻሩ የሲመንስ ሠራዊት ወረቀት ምን እንደ ሆነ እንመልከት። በእንግሊዝ የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የተቀመጡት፣ ከ1677 እስከ 1960 ያለውን ዘመን የሚሸፍኑት ከ65,000 በላይ የዝናብ ቅጾች ፎቶግራፍ ተነሥተው በ2020 ለሕዝብ ቀረቡ። የዘመኑ ወረርሽኝ በየቤቱ ያዋላቸው 16,000 ያህል ፈቃደኞች በ16 ቀን ውስጥ ከ5 ሚሊዮን በላይ ቁጥሮችን ከእጅ ጽሑፍ ወደ ኮምፒዩተር ገለበጡ። የመጀመሪያው ዓመት፣ 1677፣ ታውንሊ መለካት የጀመረበት ዓመት መሆኑን አንባቢ ያስታውሳል። በዚህ ሥራ የታላቋ ብሪታንያ የዝናብ መዝገብ ቀድሞ ከነበረበት ከ1862 ወደ 1836 ወደ ኋላ ሊዘረጋ ቻለ፤ በመዝገቡ ውስጥ ከሁሉ የደረቀው ዓመት 1855 መሆኑም ታወቀ። ያንን ድርቅ የለኩት ሰዎች ከሞቱ መቶ ዓመት አልፏቸዋል። ከነርሱ መካከል ቁጥራቸው በ21ኛው መቶ ዘመን ይጠቅማል ብሎ ያሰበ አለ ለማለት ያስቸግራል፤ ጠቃሚ ያደረገው ግን በየቅጹ አናት ላይ የቦታውን ስም፣ ከፍታውንና የመሣሪያውን ዐይነት መጻፋቸው ነው።

ለእኛ ሙያ የሚተርፈው ትምህርት

በአገራችን የአየር ጠባይ ሥራ ራሱን የቻለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያገኘው በታኅሣሥ 1973 ዓ.ም.፣ ማለት በ1980 መጨረሻ ነው። ከጣቢያዎቹም ብዙዎቹ በየገጠሩ ያሉ፣ አንድ ሰው በየጠዋቱ 3 ሰዓት ወደ መለኪያው እየሄደ የሚያነባቸው የዝናብ ጣቢያዎች ናቸው። ተራራና ሸለቆ በተቀራረበበት አገር ደግሞ ጣቢያ ምንም ያህል ቢበዛ አይበቃም። በአዲስ አበባ አንዱ ሰፈር በጎርፍ ሲጥለቀለቅ የሌላው አቧራ ሳይበርድ መዋሉ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። በመሥሪያ ቤቱ ግቢ፣ በትምህርት ቤት ወይም በመኖሪያው ጣራ ላይ መሣሪያ ተክሎ ቁጥሩን በድረ ገጽ ለማውጣት የሚያስብ የማኅበራችን አባል እንግዲህ የቆየ ልማድ ወራሽ ነው፤ የወራሽነቱም ግዴታ አለበት።

ግዴታው ከባድ አይደለም። በገጹ ላይ ከቁጥሩ ጎን መሣሪያው የተተከለበት ቦታ፣ ከመሬትና ከባሕር ጠለል ያለው ከፍታ፣ በአቅራቢያው ያለው ዛፍና ግድግዳ፣ የተተከለበት ቀን፣ ቦታው የተለወጠ እንደ ሆነም የተለወጠበት ቀን ይጻፍ። የዝናቡ ቀን ከየት ሰዓት እስከ የት ሰዓት እንደሚቆጠር ይነገር። የአየር ግፊት በሥፍራው የተለካው ነው ወይስ ወደ ባሕር ጠለል የተመለሰው? በአዲስ አበባ ከፍታ የሥፍራው ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ስለ ሆነ፣ ይህን ያልለየ ገጽ አንባቢውን ፈጽሞ ያሳስታል። መብራት ጠፍቶ መሣሪያው ሳይመዘግብ የቀረበት ቀን ባዶውን ይተው እንጂ ዜሮ አይጻፍበት፤ «አልዘነበም» እና «አልተለካም» የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉና። ዜሮ ተብሎ የተጻፈ ያልተለካ ዶፍ በአንድ ንድፍ ውስጥ ገብቶ፣ ከዓመታት በኋላ ድልድይ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

በመጨረሻም፣ በዓመት አንድ ጊዜ ሙሉው መዝገብ በቀላል ሠንጠረዥ ተገልብጦ፣ ከተቻለም በወረቀት ታትሞ፣ ከለኪው ቤት ውጭ በሌላ ስፍራ ይቀመጥ፤ ለሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት፣ ለዩኒቨርሲቲ ወይም ለማኅበራችን ቤተ መጻሕፍት ቢሰጥ ይመረጣል። ድረ ገጹ ለዛሬ ጎረቤት ነው፤ ልጁ ጃንጥላ ይዞ ይውጣ አይውጣ፣ የታጠበው ልብስ ይሰጣ አይሰጣ ለማወቅ ይጠቅመዋል። የተቀመጠው መዝገብ ግን ገና ላልተወለደው መሐንዲስ ነው። እርሱ የሚጠይቀን ቁጥሩ ምን ያህል ፈጥኖ እንደ ታየ ሳይሆን፣ እውነት መሆኑን በምን እንደሚያውቅ ይሆናል።